የራኩን ቢም ከመንካታችን በፊት
ሰላም የመጋዘን ልጆች፣ እሁድ ራኩን፣ ማለትም ፓሌት የምንደረድርበትን የብረት መደርደሪያ፣ እንደምናስተካክል ሰምታችኋል፣ አዲሶቹ ቢሞችም (ፓሌቱ የሚያርፍባቸው አግዳሚ ብረቶች) ገብተዋል። እባካችሁ ፓሌት ተጭኖበት እያለ ማንም ቢም እንዳይነካ፣ መጀመሪያ ያንን ክፍል ከላይ እስከ ታች ባዶ እናደርገዋለን ከዛ ነው መዶሻ የምናነሳው። አንዳንዶቻችሁ የታችኛውን ቢም ትንሽ ከፍ እናድርገውና ረጃጅሙ ዕቃ ይግባ ብላችኋል፣ ሀሳቡ ይገባኛል ግን ከወለሉ እስከ መጀመሪያው ቢም ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር ቋሚው፣ ማለትም ቢሞቹን የያዘው የቆመ ብረት፣ በቀላሉ ይጎብጣል፣ የሚሸከመውም ይቀንሳል፣ ስለዚህ አሁን የተለጠፈው የኪሎ ልክ አይሰራም ማለት ነው። አምራቹ አዲሱን ልክ ሰጥቶን ሳንለጥፍ ምንም አንጭንም። ቢሙ ከገባ በኋላ ግራና ቀኝ ቢሙን ቋሚው ላይ የሚቆልፈውን ፒን አትርሱ፣ ፎርክሊፍት ከስር ገፋ ካደረገው ፒን የሌለው ቢም ይወልቃል። 2.7 ሜትሩ ቢም ሙሉ ጭነት ይዞ መሀሉ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ከረገበ ንገሩኝ፣ ወዲያው እናወርዳለን። ያ የተገጨው ቋሚ ደግሞ በመዶሻ አይቃናም፣ ይቀየራል። ማን እንደገጨው አልጠይቅም፣ ብቻ ሲነካ በሰዓቱ ንገሩኝ፣ ከስሩ ስንመላለስ የምንውለው እኛው ነን። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ማራገፍ እንጀምራለን፣ ጓንትና ሄልሜት ይዛችሁ ኑ።