አፈሩን በፀሐይ እናግለው፦ ለችግኝ ጣቢያችን የላስቲክ ድጋፍ ጥሪ

የጎንደር ልጆች፣ እዚሁም በሩቅም ያላችሁ፦

አንገረብ ወንዝ ዳር ያለው የማኅበራችን ችግኝ ጣቢያ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጽድና ጌሾ ያፈላል። ወይራ ለመብቀል ሳምንታት ይወስዳል፤ አረሙ ግን በቀናት ውስጥ መደቡን ይሞላዋል። ሲታረም ደግሞ ሥር ያልያዘው ቡቃያ አብሮ ይነቀላል። ባለፈው ዓመት እናቶቻችን ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ከርመው አንድ ሙሉ የወይራ መደብ ጠፋብን። ያን ቀን የነበረውን ዝምታ አልረሳውም።

መፍትሔ ተብሎ የቀረበልን አፈር ውስጥ ወደ ጋዝ የሚለወጥ መርዝ ነው። እንዲህ ያለው መርዝ አረሙን ለይቶ አይገድልም፤ ለችግኙ ሥር የሚረዳውን ፈንገስ ጭምር ያጠፋል፣ የሰውንም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሜቲል ብሮማይድ የተባለው፣ የኦዞንን ሽፋን ስለሚያሳሳ፣ በሞንትሪያል ስምምነት ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር በበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ እንደኛ ባሉት በ2015 ከአፈር ሕክምና እንዲወጣ ተወስኗል። የእኛ መደቦች ከመኖሪያ ቤት አጥር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ልጆች እዚያው ይጫወታሉ። ስለዚህ በሜቲል ብሮማይድ ምትክ የሚቀርቡትን መርዞችም አንፈልግም አልን።

እናቴ በርበሬ ከማፍላቷ በፊት መደቡ ላይ ጭራሮ ታነድ ነበር። ዛሬ ማገዶው የለም፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ግን አለ። መደቡ ተኮትኩቶ በደንብ ውኃ ይጠጣል፣ ስስ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይነጠፋል፣ ጠርዙ ይቀበራል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። እርጥብ አፈር ሙቀቱን ወደ ታች ያደርሳል፤ ላይኛው አፈር ውስጥ ያለው አብዛኛው የአረም ዘር እዚያው ይበስላል። ጥቁር ላስቲክ ፀሐዩን ራሱ ስለሚያስቀር እባካችሁ እሱን አታምጡ። ሰርዶና እንግጫ በዚህ አይሞቱም፤ እነሱን አስቀድመን በዶማ እንለቅማለን።

በሁለት መደብ ላይ ደግሞ ጎመን ዘር ዘርተን ሲያብብ ከትፈን እንቀብራለን። ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥበት ነገር እሷም ውስጥ አለ፤ ስትፈጭ የሚወጣው ጋዝ ለአንዳንድ የአረም ዘር አይመችም። ጋዙ ሳይወጣ ከተዘራ የእኛንም ዘር ይጎዳልና፣ ከቀበርን በኋላ ሳምንታት ጠብቀን ነው የምንዘራው።

መደቦቻችን 12 ናቸው፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ10 ሜትር። ከሚቀበረው ጠርዝ ጋር ለአንዱ 17 ካሬ ሜትር ላስቲክ፣ በጠቅላላ 204 ካሬ ሜትር ያስፈልገናል። ቴርሞሜትርና የጎመን ዘር ዘርም ይጎድለናል። የአንድ መደብ ላስቲክ የሚገዛ፣ ግማሹን የሚችል፣ ወይም ቅዳሜ በደቦ ዶማ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ወገናችን ነው። ብር የምትሰጡ በጣቢያው በር ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ላስቲኩ እስከ የካቲት መጨረሻ መነጠፍ አለበት። ከዚያ ካለፈ ዝናቡ ይቀድመናል።