ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች በር አይዘጋባቸው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በአገራችን የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ማረፍ ለፈለገ ደግ ነው። የሚያሳዝነኝ ጉልበቱም ፍላጎቱም እያለው የሚገፋው ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አንጋፋ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበሩን። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ኩሽኔታው መበላቱን ይነግሩን ነበር። ዓምና ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ተሸኙ። ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር ግን ዛሬም የምንደውለው ለእሳቸው ነው፤ ያውም ያለ አንዳች ክፍያ! ይህ ግፍ ነው። በኮንትራት ይቀጠሩልን ብንል «አርጅተዋል» ተባልን። ሌላ ቦታ እንዳይሞክሩ ደግሞ ማስታወቂያው «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ይላል።

ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ጡረተኛ ለምን ይቀጠራል የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእኔም እህት ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። እኛ ግን የሥራ መደቡን ይያዙ አላልንም። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ቢያሠለጥኑን ሙያው ከእሳቸው ጋር አይቀርም፤ እሳቸውም ለወር አስቤዛ በማይበቃው አበል ላይ ድጎማ ያገኛሉ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያለ በቂ ምክንያት በማስታወቂያ የዕድሜ ጣሪያ እንዳይወጣ መመሪያ ያውጣልን።

አንድ የጥገና ሠራተኛ