የቅዳሜው የወፍ ቆጠራ፦ ስድስት ኪሎ

ውድ አባላት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እንገናኝ፤ መታወቂያ እንዳይረሳ።

የመቁጠሪያ ነጥቦቹ በ200 ሜትር ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ጋ ስትደርሱ የበረገጉት ወፎች እንዲረጋጉ 2 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ከዚያ 10 ደቂቃ በ50 ሜትር ዙሪያ ያለውን ብቻ ቁጠሩ። ቁጥር የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጭላት ነው፤ አንዱ ሦስቴ ዞሮ ሲመጣ ሦስት ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አብረው ከታዩት ትልቁን ቁጥር ያዙ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ቁራ አንድ ዝርያ ነው፤ ደረቱ ነጭ የሆነው ሌላ። ጋጋኖ መቼም ሳይታይ ይሰማል፤ በድምፅ ብቻ የለያችሁት ላይ «ድ» ጻፉ።

እርሳስ ያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ካፊያ ሲነካው ይፈሳል። በስልክ የወፍ ድምፅ ማጫወት ክልክል ነው፤ ወፉን ከቦታው ስቦ ያመጣዋል። ቅጹን እዚያው አስረክቡ።