የአውስትራሊያ ታሪክ ከ1788 አይጀምርም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አውስትራሊያ ስደተኞች ያወጣችሁት ጽሑፍ ታሪኩን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1788 ሲድኒ ከደረሱት የእንግሊዝ መርከቦች ነው። እዚያ ግን የኢዮራ ሕዝብ ይኖር ነበር። እንግሊዞች መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረው ያዙት፤ ውል እንኳ አልተፈራረሙም።

ነባሩን ሕዝብ የገፋውና ስደተኛውን ከደጃፍ የመለሰው አስተሳሰብ አንድ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ 1901ን ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 ነባሮቹ ከሕዝብ ቁጥር እንዳይገቡ ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ነጭ ያልሆነውን ለማስቀረት የጽሕፈት ፈተና አመጣ። መኮንኑ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት ያነብባል፤ መጤው አዳምጦ መጻፍ ካቃተው አገሩ አይገባም። በ1934 ብዙ ቋንቋ የሚችለውን ጸሐፊ ኤጎን ኪሽን በስኮትላንድ ጌሊክ ፈትነው ጣሉት። (እሱ እንኳ ነጭ ነበር፤ ያልተወደደው ፖለቲካው ነው።) ፈተናው በ1958 ቀረ፤ አንቀጽ 127 ግን እስከ 1967 ቆየ።

ሜልበርን ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አሏችሁና፣ ሁለቱን ድንጋጌዎች በአማርኛ አስተርጉማችሁ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አትሙልን።

አንባቢያችሁ