ከባዝ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ እንደማይመቸው አውቃለሁ። በስልክ ስንገናኝ መስመሩ እየተቆራረጠ የልቤን ሳልነግርዎ እቀራለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ አልኩ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ባለፈው ወር አራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እንደሚያውቁት የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ፤ ዓመቱ እንደዚያው ያልቃል። ሰባት ዓመት እዚህ አገር ስኖር ከለንደን ወጥቼ ሌላውን እንግሊዝ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ባቡር ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሄድኩ። ብሪስቶልን፣ ዌልስንና ባዝን አየሁ። የሄድኩት በባዝ ምክንያት ነው። ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

መጀመሪያ ብሪስቶል ገባሁ። የወደብ ከተማ ነው፤ በባሪያ ንግድ ብዙ ሀብት አግኝቷል። ኤድዋርድ ኮልስተን የሚባል ነጋዴ በዚያ ንግድ ከበረና ለከተማው ትምህርት ቤት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሐውልት አቆሙለት። በ2020 ሕዝቡ በገመድ ጎትቶ ጣለውና ወደቡ ውስጥ ወረወረው። አሁን ከውሃው ወጥቶ ሙዚየም ውስጥ ተጋድሟል። የተረጨበትን ቀለም አላጠቡለትም። እኔ ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ታሪክን ከነቁስሉ ማሳየት ነው የሚሻለው።

እዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጥቁር ሾፌርና ቲኬት ቆራጭ አልቀጥርም ብሎ ነበር። ፖል ስቲቨንሰን የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰው በአውቶቡሱ እንዳይሳፈር ቀሰቀሰ። አራት ወር ተሟገቱ፤ ድርጅቱ ተረታ። በ1968 ደግሞ በቅጥር ዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። አባባ፣ እኔ ዛሬ ሥራ የምጠይቀው እነዚያ ሰዎች በከፈቱት በር ነው። ይህን ሳላውቅ ሰባት ዓመት በአውቶቡስ ተመላለስኩ።

ዌልስ (አገሩን ሳይሆን ከተማውን ነው የምልዎ) ትንሽዬ ናት። ከተማ የተባለችው በካቴድራሏ ነው። እዚያ ውስጥ ከ600 ዓመት በላይ የሆነው ሰዓት አለ። በየሩብ ሰዓቱ ከላዩ ትናንሽ ፈረሰኞች ይወጡና ጉግስ ይገጥማሉ። አንደኛው ሁልጊዜ ተመትቶ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩት። ጥምቀት ሜዳ ላይ ትከሻዎ ላይ አስቀምጠውኝ ፈረስ ጉግስ ያየሁት ትዝ አለኝ።

ከዚያ ባዝ። ከተማው ሁሉ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠራ ነው። ሮማውያን እዚያ የሰፈሩት በፍልውሃው ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱስ አዲስ አበባን የቆረቆሩት በፍልውሃ አይደል? ውሃው ከመሬት ሲወጣ 46 ዲግሪ ይሞቃል። በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ትልቁ ገንዳ አረንጓዴ ሆኖ ይጨሳል። በዚያ ብርድ ጉልበትዎን እዚያ ውስጥ ባስነከርኩልዎ ብዬ ተመኘሁ፤ ግን መታጠብ አይፈቀድም። የሚቀመስ አለ። ለብ ያለ ነው፤ ብረት ብረት ይላል።

የገረመኝን ልንገርዎ። የጥንት ሰዎች ዕቃ ሲሰረቅባቸው ከእርሳስ ማዕድን በተጠፈጠፈ ስስ ቁራጭ ላይ እርግማን ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ ምንጩ ውስጥ ይጥሉ ነበር። ሱሊስ ሚነርቫ ለምትባለው አምላካቸው አቤቱታ መሆኑ ነው። ወደ 130 የሚጠጉ ተገኝተዋል። ዶሲሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንቱ ጠፋበት። የወሰደው ሰው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ለመነ። ለጓንት! እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዶሮዋ የተሰረቀች ጊዜ «ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ» ብላ በመንደሩ ያስወራችው ትዝ ይልዎታል? በሦስተኛው ቀን ዶሮዋ ግቢያችን ውስጥ ተገኘች። እርግማኖቹ የተቀመጡበት መስታወት ፊት ቆሜ እሷን አሰብኩ። እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ፌርፊልድ ሃውስ ሄድኩ። ንጉሡ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በስደት የተቀመጡበት ቤት።

አያቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቡልጋ ላይ ዱር ለዱር ሲንከራተቱ «እኛ ጥሬ ስንቆረጥም እሱ ባዝ ተቀመጠ» ይሉ እንደነበር ስንት ጊዜ ነገሩኝ! ባዝ የሚለውን ስም ከለንደን በፊት ነው የሰማሁት። ልጅ ሆኜ ወርቅ በወርቅ የሆነ አገር ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ትልቅ ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን ቤተ መንግሥት አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ በባቡር ወጡ። በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተናገሩ፤ ሰሚ አጡ። ከዚያ እዚህ መጥተው እስከ 1932 ድረስ ቆዩ። ገንዘብ ቸግሯቸው ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ የጀመሩት እዚሁ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 መስከረም እዚሁ ባዝ አረፉ። ያ ሁሉ መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ ሳያይ። አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ ገደማ ነው። አደይ አበባ በሌለበት መስከረም። አፅማቸው አገሩ የገባው ኋላ ነው።

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ማዶ ኮረብታው ይታያል፤ ዝናብ ያካፋል። እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት እንደዚያ በመስኮት እያየሁ ነው። ያኔ ለእርስዎ ደህና ነኝ እል ነበር። ደህና አልነበርኩም አባባ።

አያቴ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። አምስት ዓመት ጠላት ፊት የቆሙት እነሱ ናቸው። በድሉ ማግስት ባንዳው ተሹሞ እነሱ መረሳታቸውም እውነት ነው። በዚህ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን ያ ቤት የምቾት ቤት አልነበረም። የሐዘን ቤት ነበር። ይህን በዓይኔ ስላየሁ መደበቅ አልፈለግኩም።

ንጉሡ በእኛ በ1950 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ ለአረጋውያን እንዲሆን። ዛሬም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሰባሰቡበታል። ከካሪቢያን የመጡ አንዲት እናት ከየት ነሽ አሉኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ሁለት እጄን ያዙ። ብዙ አልተናገሩም። እጃቸውን እስኪለቁኝ ድረስ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እኔ በየሌሊቱ የሰው አባትና እናት አገላብጣለሁ፤ የእርስዎን እጅ ከያዝኩ ግን ሦስት ዓመት አለፈኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አያቴ የነገሩዎትን ሁሉ፣ የወረዳውን ስም፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች፣ የተራቡበትን ቦታ፣ እህቴ በስልኳ ትቅዳልኝ። በቀን ትንሽ ትንሽ ይንገሯት፤ እንዳይደክምዎ። ቡልጋም እኮ ሄጄ አላውቅም። ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ከተሰጠኝ እርስዎ መንገዱን እያሳዩኝ አብረን እንሄዳለን። ለጉልበትዎ የሚሆን መኪና እኔ እኮናተራለሁ።

የቤቱን ፎቶ ልኬያለሁ። እህቴ ትልቅ አድርጋ ታሳይዎት። የቆምኩበት መስኮት ከላይ በስተግራ ያለው ነው።

ልጅዎ፣ ከለንደን