ሲቪያችሁን ለኤጀንሲ ከመስጠታችሁ በፊት

ውድ አባሎቻችን፣

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲፈልጉ ሲቪ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ ለኤጀንሲም ሆነ ለደላላ በምትልኩት ላይ ስም፣ አንድ ስልክ፣ ኢሜይልና «ደሴ» ወይም «ኮምቦልቻ» የሚል አድራሻ ይበቃል። የቤት ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ አይግባ። የሪፈረንስ ሰዎችን ስልክም «ሲጠየቅ ይቀርባል» በሉት፤ ሳይጠየቁ የሚደወልባቸው እነሱ ናቸውና።

በወርድ ሳይሆን በፒዲኤፍ ላኩ፤ ወርድ ከሆነ የሥራ ልምዳችሁን በቀላሉ ይቀይሩታል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁለት ኤጀንሲዎች የአንድን ሰው ሲቪ ለአንድ ፋብሪካ ሲልኩ ነው። ቀጣሪው የኮሚሽን ጭቅጭቅ ፈርቶ አመልካቹን ሊተወው ይችላል። «የድርጅቱን ስም ነግራችሁኝ ሳልፈቅድ አትላኩ» ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የት፣ መቼ እንደተላከም መዝግቡ።

በዲግሪው ኮፒ ላይ፣ ጽሑፉን አቋርጣችሁ፣ «ለዚህ ሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ዋናውን አሳዩ እንጂ ትታችሁ አትምጡ። በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም።

ሥራው ካልሆነ መረጃችሁ እንዲሰረዝ ጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መብት ይሰጣችኋል።