ታዋቂው ሰው ስንት ቀን ቆየ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዝነኛ ተዋናይ፣ ዘፋኝ ወይም ሼፍ ከፊት ሆኖ አገር የሚያዞረን የጉዞ ዘጋቢ ፊልም ይታይ ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር፣ በዓል በመጣና ጣቢያዎች እነዚህን ፕሮግራሞች በደረደሩ ቁጥር ይነሳል። እኛ በቀረጻ፣ በድምፅና በኤዲቲንግ ሥራ የምንውል ሰዎች ነንና የምናውቀውን እንጨምር። ይታይ ባዮች ነን። ተመልካቹ ግን ከዝነኛው ፊት ይልቅ ሰዓቱን ይከታተል። ታዋቂ ሰው ለአንድ ፕሮግራም ስፖንሰርና ጥሩ የአየር ሰዓት ያመጣል፤ በምትኩ ቀን ይወስዳል። የእሱ ቀን ውድ ስለሆነ ቀረጻው በእሱ ፕሮግራም ይጣደፋል፤ በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ባላገሩ ነው።

ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ኬፕታውን በሞተር ሳይክል ሲወርዱ 18 አገሮችን ያቋረጡት በ85 ቀን ገደማ ነው። ቢካፈል ለአንድ አገር አምስት ቀን አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ድንበር ላይ የሚባክነው ይቀነሳል። ኢትዮጵያም ከ18ቱ አንዷ ነበረች። ከሁለቱ ጋር በሦስተኛ ሞተር ካሜራማኑ፣ በመኪና ደግሞ የፕሮዲውሰሮቹ ቡድን ይጓዝ ነበር፤ ይህንንም አልደበቁም። እንዲህ ያለው ፊልም ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ድካሙና ስለ ሁለት ጓደኛሞች ሲነግረን እናምነዋለን። ስለ አገሬው ኑሮ የሚነግረን ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው በጨረፍታ የሚታየውን ያህል ነው።

በተቃራኒው እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ማይክል ፔሊን ለቢቢሲ በሠራውና እ.ኤ.አ. በ1989 በታየው የ80 ቀን የዓለም ዙሪያ ጉዞ፣ ሰው እስካሁን የሚያነሳው ከዱባይ ወደ ቦምቤይ በእንጨት መርከብ ያለፈበትን አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በአውሮፕላን አልሳፈርም ብሎ ስለተነሳ መውረጃ አልነበረውም። የጉጃራት መርከበኞቹን ማን ማን እንደሆኑ እስክንለያቸው ድረስ የምናያቸው፣ ካሜራውም ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ነው። ሌላው መንገድ ዝነኛው ራሱ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ነው። አሜሪካዊው ሼፍ አንቶኒ ቦርዴይን እ.ኤ.አ. በ2015 ለሲኤንኤን ኢትዮጵያን ሲቀርጽ ጉዞውን ለሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንና ለባለቤቱ ለማያ ኃይሌ ለቀቀው። ማርከስ እዚህ ካሳሁን ተብሎ ተወልዶ ስዊድን ያደገ ሰው ነው፤ የሚፈልገው ነገር ስለነበረው ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ሆነ።

አሁን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው የሚጠቅመውን እንንገር። ዝነኛው ከውጭ በር ያንኳኳል፤ ሲከፈት የምናየው ግን ከቤት ውስጥ ነው። ካሜራው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ከካሜራውም በፊት አስተባባሪው፣ በእኛ አነጋገር ፊክሰሩ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ባለቤቶቹን አነጋግሯል፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ አይቷል፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ካለ እንዲጠፋ ለምኗል። አቧራ እያስነሳ የሚያልፈው መኪናም ቢያንስ ሁለቴ አልፏል፤ አንዴ ካሜራው መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ አንዴ ኮረብታው ላይ ተቀምጦ። ይህ የሙያው አሠራር ነው፣ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ባለቤቲቱ ያልደነገጠችውን ድንጋጤ እንድትደነግጥ ሲደረግ ነው።

ዝነኛው በእርግጥ ቦታው ላይ ቆይቶ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱንና ቦታውን በአንድ ሾት ውስጥ ይፈልጉ። ፊቱ በቅርበት፣ ገደሉ በድሮን፣ ፊቱ በቅርበት፣ ገበያው በድሮን እየተፈራረቀ ከሄደ፣ አብዛኛውን የቀረጸው ዝነኛው በሌለበት የሚሠራው ሁለተኛ ቡድን ነው፤ ባለ ዝናው አንድ ጠዋት መጥቶ ሄዷል።

የቡና ሥነ ሥርዓት ደግሞ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ፣ እስኪሰክን ተጠብቆ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በፊልሙ 40 ሴኮንድ ቢሆን ግድ የለም፤ ማሳጠር የኤዲተር ሥራ ነው። እርስዎ ግን ወለሉን ይዩ። በበሩ የገባው ፀሐይ ሲቆላ የነበረበት ቦታ ላይ ሲቀዳም ካለ፣ ቡናው ቀድሞ ተፈልቶ የተቀመጠ ነው። ሲኒው ፉት ከተባለ በኋላ እንደገና ሞልቶ ከታየ ትዕይንቱ ተደግሟል። ፀሐዩ ፈቀቅ ብሎ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ ልጅ እንቅልፍ ይዞት እናቱ ላይ ተደግፎ ካዩ ግን እዚያ ቤት በእውነት ተቀምጠዋል።

አማርኛ የሚሰማ ተመልካች ያለው ትልቁ ዕድል ጆሮው ነው። ሽማግሌው 30 ሴኮንድ ሙሉ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ስደት ይናገራሉ፤ ከታች የሚነበበው ጽሑፍ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። የግርጌ ጽሑፍ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ስለሚፈለግ ማጠር አለበት፤ ይህን ያህል እንዲጎድል ግን አያስገድድም። ስህተቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በቀረጻው ቦታ ፊክሰሩ ለዝነኛው ጆሮ የሚያንሾካሹከው ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው። ካሴቱ፣ ዛሬ ሃርድ ዲስኩ፣ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ሲደርስ ኤዲተሩ ቋንቋውን አያውቅም፤ በእጁ ያለው ያ ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው በሳቁበት ይቆርጣል፤ ለምን እንደሳቁ አያውቅም። መድኃኒቱ ንግግሩን ቃል በቃል ጽፎ፣ ደቂቃና ሴኮንዱን ከጎኑ አስፍሮ መተርጎም ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጃል። በጀት ሲጠብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰረዘውም ይህ ነው።

ሌላም አለ። ስለ ላሊበላ ገና እየተተረከ ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ካሳየን፣ ምስሉ ከጥር የመጣ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ላይ ነው፤ የላሊበላው መለያ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች የቆሙት ካህናት «ቤዛ ኩሉ» እያሉ የሚቀባበሉት ዝማሬ ነው። በአፋር በረሃ የጨው ግመሎች ሲጓዙ ከበስተጀርባ ማሲንቆ ከሰማን፣ ድምፅ ባለሙያው ቦታው ላይ ድምፅ አልቀረጸም ወይም የቀረጸውን ጥሎታል። ግመል፣ ነፋስና ጨው የሚሰብር ብረት የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ለምን ይሸፈናል?

በአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ተወዳጅ ተዋንያንና ድምፃውያን እየተጓዙ ነው፤ በዚህ ደስ ይለናል። አርባ ምንጭን፣ ባሌን፣ ሐረርን ያላየ ወጣት በሚወደው ሰው በኩል ያያል። የምንፈራው ስፖንሰሩን ነው። ሎጁ አልጋና ምግብ ችሎ ሲያስቀርጽ ከ45 ደቂቃ ውስጥ ሃያው መዋኛ ገንዳና ቁርስ ይሆናል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ከተማ በመኪና መስኮት ያልፋል።

ስለዚህ ጣቢያዎቻችን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ማረፊያውን ወይም ትራንስፖርቱን የቻለው ድርጅት ስም መጀመሪያ ላይ ይጻፍ። ቀረጻው ስንት ቀን እንደፈጀ ይገለጽ። ከአማርኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ፣ በጋሞኛም ይሁን በአፋርኛ፣ ሰው ሲናገር ድምፁ በተራኪ አይሸፈን፤ ንግግሩ እየተሰማ ትርጉሙ ከታች ይጻፍ፤ የተረጎመው ሰው ስምም ከካሜራማኑና ከኤዲተሩ ስም ጋር መጨረሻ ላይ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
በዘጋቢ ፊልም ቀረጻ፣ ድምፅና ኤዲቲንግ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ